ዛፍ የምትወጣው ሜሬዋ

በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው በታራዋ ደሴት ላይ ኮኮናት ዛፍ የሚወጣው ወንድ ነው፤ ሜሬዋ ግን ትወጣለች። ባሏ ቶካማን በዓመት አሥሩን ወር መርከብ ላይ ነው፤ አራት ልጆቿ ደግሞ ጣፋጩን የኮኮናት ፈሳሽ ሳይጠጡ አይውሉም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ቢላዋ በጥርሷ ነክሳ ትወጣለች፣ የአበባውን ዘንግ ትቆርጣለች፣ ፈሳሹ እንዲንጠባጠብበት ጠርሙስ ታስርበታለች። መንደሩ ይሳለቃል፤ እሷ ደንታም የላት።

ከሁሉም የሚያንገበግባቸው አማቷን ቦኢታን ነው። «ቆይ ብቻ! ከዛፍ የሚያወርድሽ ሆድሽ ነው» ይሏታል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ቶካማን ለእረፍት በመጣ ቁጥር ታረግዛለች። ሰፈርተኛውም ልጆቹን የሚጠራቸው አባታቸው ለእረፍት በመጣባቸው መርከቦች ስም ነው።

ዘንድሮ ቶካማን በመጣ ማግስት ያለ ምንም መከላከያ አብረው አደሩ። «የወር አበባሽ ገና ትናንት ነው የሄደው፤ ምን ይመጣል?» አላት፤ አመነችው። በሦስተኛው ቀን ዛፉ ጫፍ ላይ ሳለች ልቧ ድንግጥ አለ፤ ሦስተኛ ልጇንም ያረገዘችው ይህንኑ ተብላ ነበር። ወርዳ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አረግዝ ይሆን?»

ነርሷ ታኣቢኣ ቀኖቹን ጠየቀቻት። «ዕድሉ ትንሽ ነው፤ የለም ግን አልልሽም። የወንድ ዘር ሆድሽ ውስጥ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። እንቁላልሽ ቀደም ብሎ ከወጣ ይገናኛሉ።»

«አንድ ቀን ብቻ እኮ ነው!»

«አንድ ቀን ይበቃል።»

«ወዲያው ባሕር ገብቼ ታጥቤያለሁ።»

«ባሕሩ እዚያ አይደርስም፣ እህቴ» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ነርሷ አንድ ክኒን አውጥታ ሰጠቻት። «ይሄ ክኒን እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን ያዘገየዋል። ቶሎ ሲዋጥ ነው የሚሻለው፤ መቶ በመቶ ግን አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመርመሪ።»

እዚያው ዋጠችው።

ማታ ዛፉ ሥር ቦኢታ ጠበቋት፤ ወሬው ቀድሟታል። «የልጅ ልጄን ገደልሽ አሉ!»

«ያልተፀነሰ አይገደልም፣ እማማ። እንዳይመጣ ነው የዋጥኩት፤ የመጣውንማ አይነካም።»

ቦኢታ አጠገባቸው ወደቆመው ልጃቸው ዞሩ። «ቶካማን! ምን ይዘጋሃል? ከዛሬ ጀምሮ የምወጣው እኔ ነኝ በላት!»

ቶካማን ሽቅብ ዛፉን አየ። «እማዬ… እኔ መውጣት ከተውኩ ስንት ዓመቴ» አለ።

ሜሬዋ ቢላዋዋን አንስታ ወጣች። ወንዶች ጫፍ ሲደርሱ ድምፃቸውን ለቀው ይዘፍናሉ፤ እሷ ግን ለሴት ወግ አይደለም ስለሚባል አንድም ቀን ዘፍና አታውቅም። የዚያን ማታ ዘፈነች። ማርገዝ አለማርገዟን ለማወቅ ገና ሦስት ሳምንት ይቀራታል፤ ፈርታለች፤ ቢሆንም መንደሩ በሙሉ እስኪሰማ ዘፈነች።