በደቻቱ አሸዋ ላይ የረገጥኩት ካርታ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ነፍሷን ይማርና ሳትሰማው ሄደች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኳቸውም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ የሰከርኩትን፣ የተሳደብኩትን፣ የሰው ስም ያነሣሁትን ሁሉ ዘርዝሬአለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። ምን እዋሻለሁ፣ ራሴ ነኝ የያዝኩት። አባ ሰምተው ጥቂት ስግደት አዘው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው እንዳይሸኙኝ ፈርቼ ነው። እንዲህ በርካሽ መፈታት አልፈለግሁም። እርስዎን አላውቅዎትም፣ ሊፈቱኝም አይችሉም። ስለዚህ ለእርስዎ ልናገር።

በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ከደጋ የወረድኩ ጎረምሳ፣ ዕውቀቴ ከልብሴ የሚበልጥ የሚመስለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ መቶ የሚጠጋ ተማሪ ጠበቀኝ። ለሦስት በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ መስኮት ላይ የተንጠለጠሉም ነበሩ። ሙቀቱንስ ተዉት። ያለን ካርታ አንድ ነው፤ ከኋላ ለተቀመጠ ልጅ ግድግዳ ላይ የተሰጣ ጨርቅ እንጂ አገር አይመስልም። ስማቸውን ለይቼ ሳላውቅ ወራት አለፉ።

ከኋለኛው ወንበር፣ ከበሩ አጠገብ የሚቀመጠውን ሙሳን ግን አውቀው ነበር። ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ ጢም ማቀምቀም የያዘ ልጅ ነው። ትምህርት ሲከፈት አባቱ ትከሻውን ይዞ አመጣልኝ። አባትየው የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፣ በረሃው ፊቱን ጨርሶታል።

«ስማ አንተ መምህር፣» አለኝ። የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ እኔ ገና አልለመድኩትም ነበርና ከነከነኝ። «እኔ ሐዲድ ስጠግን ነው ያረጀሁት። የት እንደሚሄድ አላውቅም። ይሄ ልጅ ይወቅ። አደራ።»

እሺ አልኩት። አደራውን ተቀበልኩ፤ ማንም አላስገደደኝም። ልጁ ከወደቀ ዶማ ይዞ አባቱን ተከትሎ በረሃ እንደሚወርድም ያን ዕለት ነግሮኛል። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

ዲሬክተራችን ክፉ ሰው አልነበረም፣ የደከመው ሰው ነው። ይህ ክፍል ካልተከፈለ ጂኦግራፊ የሚባል ነገር የለም፣ ሌላ አስተማሪና ሌላ ክፍል ይጠየቅልን እያልኩ ቢሮውን አጨናነቅሁት። በመጨረሻ ሰለቸውና በወሬ በጀት አይመጣም፣ ማስረጃ አምጣ አለኝ። ደስ አለኝ። ዕቃ ቤቱን አስጠረግሁና በዕጣ ሠላሳ ልጆች ለይቼ እዚያ አስገባሁ፤ የቀሩት በነበሩበት ቀሩ። ሙሳን ዕጣው ከብዙዎቹ ጋር አስቀረው። አስተማሪው አንድ፣ መጽሐፉ አንድ፣ ፈተናው አንድ። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነበርኩ።

በሠላሳዎቹ ክፍል እንዴት ያለ ደስታ ነበር። ሉሉን እጅ በእጅ እያዞሩ ይነካሉ፣ ካርታው ሥር ቆመው ዋቢ ሸበሌን በጣታቸው ይከተላሉ። በትልቁ ክፍል ግን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ የታየው ይገለብጣል፣ ያልታየው ከጎረቤቱ ይገለብጣል። እንግዲህ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ማን ይጠራጠራል? እኔማ አፌን ሞልቼ ተናግሬ ነበር።

የመንፈቁ ፈተና ታረመ። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ሆኑ። በወንዞች ጥያቄ ላይ እንዲያውም በትልቁ ክፍል የቀሩት ብዙዎቹ በለጡ። ዲሬክተሩ ወረቀቱን አይቶ ሳቅ አለና «ታዲያ ብዛቱ ምን አጠፋ?» አለኝ። መምህራኑም ስገባ ስወጣ «የሠላሳው አባት» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። ቀልድ ነው፣ ድሬ ላይ ሰው ካልተቀለደበት እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። እኔ ግን ኩራቴን እንጂ ልጆቹን አላሰብኩም። ልብ ይበሉልኝ፣ ጥፋቴ የጀመረው እዚህ ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ በረድ ሲል ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ገበያ ለመሻገር ደቻቱ ገባሁ። ወንዙ እንደ ልማዱ ደረቅ ነው፤ ሰውም ግመልም በአሸዋው ላይ ያልፋል። መሐል ላይ የትልቁ ክፍል ተማሪዎቼ ተሰብስበው አየሁ። ጠጋ ስል አሸዋው ላይ አገሩ በሙሉ ተሠርቷል። እርጥብ አሸዋ ተከምሮ ተራራ ሆኗል፣ ወንዞቹ በጣት ተቆፍረዋል፣ የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ በክብሪት እንጨት ተሰክቷል። ሙሳ መሐሉ ቁጢጥ ብሎ ያስረዳል። በኦሮምኛ ይናገርና ወደ ሌላው ዞሮ በሱማሊኛ ይደግመዋል፣ ያልገባው ካለ በአማርኛ ይመልሰዋል። የአንዱን ልጅ ጣት ሐረር ተራራ ላይ አስቀምጦ «አሁን ዝናብ ነህ። ውረድ። የት ትደርሳለህ?» ይለዋል። ልጁ በጣቶቹ ቦዩን ይዞ ይወርዳል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ በመንፈቅ ያላስጨበጥኳቸውን ጨብጠውታል።

አስተማሪ ብሆን ኖሮ ምን ይሰማኝ ነበር? ቁጭ ብዬ አብሬ አልቆፍርም ነበር? ሮጬ ለዲሬክተሩ ልጆቹ በራሳቸው ብልሃት ነው ያለፉት፣ ክፍሉ አይደለም ያሳለፋቸው አልለውም ነበር? ከዚያ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? እኔ የተሰማኝ የተሰረቀ ሰው ንዴት ነው። እነዚህ ልጆች መውደቅ ነበረባቸው፣ አልወደቁም፣ አዋረዱኝ። ያሰብኩት ይህንን ነው። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

መሐላቸው ገባሁ። ሁሉም ተነሡ።

«ይህ ወንዝ ነው፣» አልኳቸው። «እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሐረር ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳታስቡት ይመጣል። ሁለተኛ እዚህ እንዳላያችሁ።»

ነገሩ እውነት ነው፤ ደቻቱ ሰው በልቶ ያውቃል። እውነቱን ይዤ ነው የዋሸሁት። ስለ ጎርፉ ቅንጣት አላሰብኩም። ያን ሰሞን በጋው ገና አልወጣም ነበር። ብጨነቅላቸው ኖሮ ኑ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሥሩት እላቸው አልነበር? አላልኩም። በጫማዬ ረገጥኩት። ተራራውን ረገጥኩ፣ ወንዞቹን ደፈንኩ፣ አገሩ አሸዋ ብቻ እስኪሆን ድረስ ተመላለስኩበት። ሙሳ «ልክ ነህ መምህር፣» አለና ጎንበስ ብሎ የክብሪት እንጨቶቹን ለቀመ።

በዚህ አላበቃሁም። ከዚያ ይልቅ ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ኑ፣ ካርታ ማንበብ እኔ ራሴ አስተምራችኋለሁ አልኳቸው። አመኑኝ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሄጄ ማስታወሻ አስገለበጥኳቸው። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም፤ አሞኛል ብዬ ላክሁ። እነሱ ግን በየቅዳሜው እየመጡ ይጠብቁኝ ነበር፤ ዘበኛው ነግሮኛል። እኔ ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዳማ እጫወት ነበር። ያን ጊዜ ዳማው ጣመኝ ብል ያምኑኛል? ጥሞኛል።

የመጨረሻውን ፈተና ሳወጣ አብዛኛውን ከካርታ ንባብ አወጣሁት፤ ለሠላሳዎቹ አስተምሬ ለብዙዎቹ ካላስተማርኩት። አውቄ አደረግሁት። የወጣትነት ስሕተት፣ የሙቀት ድካም ብለው ሊያቀሉልኝ ቢፈልጉ ይተዉት። ሠላሳዎቹ ከሞላ ጎደል አለፉ። ከብዙዎቹ ግማሹ ወደቀ፣ ሙሳም ወደቀ። በሌላው ትምህርት ለወትሮውም ለጥቂት የሚያልፍ ልጅ ነው፤ የሚያነሣው ጂኦግራፊ ነበር። እኔ ጣልኩት።

ውጤቱን ይዤ ዲሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ደጋግሞ አየውና «ልክ ነህ፣» አለኝ። «ክፍል ሲጨናነቅ ተማሪ አይማርም።»

ከዚያ ምን ያደረገ ይመስልዎታል? አስተማሪ አላስቀጠረም፣ ክፍልም አላሠራም። በክረምቱ ትእዛዝ ወጣ። የወደቀ ተማሪ ቦታ ስለሌለ አይደግምም ተባለ። መስከረም ላይ ክፍሌ ስገባ፣ ደጋሚ ስለሌለ ሰፍቶ ጠበቀኝ። ወንበሩ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፣ ካርታው እስከ ኋላ ይታያል፣ ነፋስ እንኳ ይገባል። የለመንኩትን አገኘሁ። ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ያን ጊዜስ መናገር አልችልም ነበር? ማስረጃው የውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የጣልኳቸው፣ መልሷቸው ብዬ እውጭ ደጅ ብቆም እነዚያ ልጆች ይመለሱ አልነበር? ምን እሆን ነበር፣ ብባረር ነው። ደመወዝ ፈራሁ፣ ስም ፈራሁ፣ «የሠላሳው አባት» ከሚለው የባሰ ስም ፈራሁ። ዝም አልኩ። ሙሳ በረሃ ወርዶ ዶማ ጨበጠ፣ እኔ ዝም አልኩ። ያ ዓመት ሲያልፍ ተማሪዎቼ ጎበዞች ሆነው ተመሰገንኩ፣ ቆይቼም የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆንኩ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ ባቡሩ ከኤረር ጣቢያ አለፍ ብሎ ቆመ። ሐዲዱ እየተጠገነ ነው ተባለ። አቧራ የለበሱ ሠራተኞች ዶማቸውን ይዘው ዳር ቆመዋል። አንዱ መስኮቱን ሽቅብ እያየ ወደኔ መጣ። ፊቱ የአባቱ ፊት ሆኗል።

«አንተ መምህር!» አለ። «ወላሂ አልረሳሁህም።» እጁን ሰጠኝና ጨበጥኩት፤ ሻካራ ነው። «ለኛ ብለህ ከዲሬክተሩ ጋር ስንት ተጣላህ። ብዛታችን ነው የጣለን፣ አንተ ምን ታደርግ? ከጎርፍም ጠብቀኸናል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሲመርቅህ ነበር።»

ስለ አባቱ የማይረባ ነገር ጠየቅሁ መሰለኝ። ሙሳ ወደ ሐዲዱ አገጩን አቀና።

«የት እንደሚሄድ ነግሬዋለሁ፣» አለኝ። «መሬት ላይ ሥዬ አሳየሁት። አውቆት ነው የሞተው።»

ባቡሩ ጮኸ። ጊዜ ነበረኝ፤ አልነበረኝም ብዬ አልዋሽም። አራት ቃል ይበቃኝ ነበር፦ ሙሳ፣ እኔ ነኝ የጣልኩህ። መስኮቱ ክፍት ነው፣ እጁ ገና እጄ ውስጥ ነው። አልተናገርኩም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጁን ለቀቅሁና አውለበለብኩለት። እሱም ዶማውን ከፍ አድርጎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በኋላ አስፈልጌው ነበር፤ አንዳንዱ ጅቡቲ ሄደ አለኝ፣ አንዳንዱ አላውቀውም አለ።

ተማሪ በአንድ ክፍል ሲታጎር ይጎዳል። ያን ጊዜም እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው። ይህን ለመናገር ግን አፍ የለኝም፤ እውነቱን ያረከስኩት እኔ ነኝ። አደራ በልቻለሁ፤ በላተኛው ተመርቆበት፣ የተበላበት አመስግኖት።

እንግዲህ እርስዎ ሰምተዋል። እባክዎ «ይፍታህ» አይበሉኝ፣ ዕድሜው ነው፣ ዘመኑ ነው ብለውም አያጽናኑኝ። ይቅር ማለት የሚችል አንድ ሰው ነበር። እሱ ደግሞ የበደልኩት እኔ መሆኔን አያውቅም።