አረንጓዴው ተሳቢ

ያንን ተሳቢ የመረጥኩት እኔ ነኝ። እህቴ ለሰው ስታወራ «ገዛን» የምትለው እኔን ላለማሳጣት ብላ ነው።

ኮሶዬ አጠገብ ከአባታችን በወረስነው መሬት ላይ ከእህቴ ጋር የወተት ላሞች እናረባለን። እሷ ሆስፒታል ነርስ ናት፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ከላሞቹ ጋር የሚውሉት ግን በአባታችን ጊዜም የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አያ እንላቸዋለን። በማሽን የታሰረ ድርቆሽ ከአምባ ጊዮርጊስ ለማምጣት በየጊዜው የጭነት መኪና መለመን ሲያንገሸግሸን፣ ለአሮጌው ትራክተራችን ተሳቢ ልንገዛ ወሰንን።

ትራክተሩን እየነዳሁ አያን ይዤ ወደ ከተማ ወረድኩ። አራዳ ከሚባለው ሰፈር ዝቅ ብሎ ባለ የአሮጌ መኪና ግቢ ውስጥ ሁለት ተሳቢዎች ቆመዋል። አንደኛው ዝቅ ያለ፣ የጎን መከለያ ስፖንዳ የሌለው፣ ዝገት የበላው ነው። ሁለተኛው ረጅም ስፖንዳ አለው፤ ወለሉ ላሜራ ለብሷል፤ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ተቀብቷል። ሽቶው ከሩቅ የሚሰነፍጥ ነጋዴ ማስቲካውን እያኘከ፣ «መምህር፣ ይሄ ነው የእርስዎ» አለኝ።

አያ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ወደ ላሜራው መጋጠሚያ አስጠጉ።

«ምነው ይሄ እንዲህ ይከረፋል?»

«አዲስ ቀለም ነው አባት። ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል» አለ ነጋዴው።

«የቀለም ሽታማ አውቃለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ዝቅ ያለው ነው ሸጋ። የድርቆሹን እስር ለመጫን ወገብ አይፈጅም። ሆዱም የተገለጠ ነው፤ የሚደብቀው የለም።»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ሸቶኝ ነበር። ግን ወለል ከሚያሸት ሽማግሌ ጋር በዚያ ሰው ፊት መታየቴ አሳፈረኝ። አረንጓዴውን አልኩ።

የመጀመሪያውን ጭነት አምጥተን፣ መጋዘናችን ሞልቶ ስለነበር፣ ሸራ አልብሰን እዚያው ተሳቢው ላይ ሁለት ቀን አቆየነው። በሦስተኛው ቀን ከታች ካለው እስር አውርደን ለላሞቹ በተንን። ትልቋ ጥቁር ላም አፍንጫዋን አስጠጋች፤ እፍ ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ሌሎቹም ተከተሏት፤ አንዲትም አልቀመሰች። እስሩን ስገለብጠው ታቹ ርሶ ቡናማ ሆኗል።

ላሜራውን በብረት ዘንግ ፈነቀልነው። ከስሩ ሌላ አሮጌ የእንጨት ወለል አለ። በሁለቱ መካከል የረጋ ደም፣ ፀጉር ያልለቀቀው የቆዳ ቁራጭ፣ እንደ ገንፎ የላመ ስብ። ብርሃን ሲያገኘው ትሉ ተርመሰመሰ። ጥሬ ቆዳና የቄራ ትራፊ ሲያመላልስ የኖረ ተሳቢ ነበር፤ ሳያጥቡት ላሜራ ደፍነውበት ቀለም ቀብተውታል። እጄ ላይ አንድ ነገር ተለጠፈ። የበግ ጆሮ ነበር። ከበረቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን በዚያ እጄ እንጀራ መቁረስ ተጸየፍኩ።

ላሜራውን መልሰን ጫንንበትና ተሳቢውን ወደ ነጋዴው ግቢ ጎተትነው። ነጋዴው አልካደም።

«አጥቦ መጠቀም ነዋ፣ መምህር! ላም ከመቼ ወዲህ ነው ንጹሕ የምትመርጠው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእርስዎ ስል ልለውጥልዎት። ያንን ዝገታሙን ይውሰዱ፣ ይሄን እኔ መልሼ እደፍነዋለሁ። ብቻ ወሬው ከዚህ አይውጣ።»

እሺ አልኩ።

ዝገታሙን ከትራክተሩ ጋር እያያያዝን ሳለን አንድ ቄስ ገቡ። ደብራቸው ለሚያረባቸው ከብቶች ድርቆሽ መጫኛ ይፈልጋሉ። ነጋዴው በቀጥታ ወደ አረንጓዴው ወሰዳቸው። ቄሱ ዙሪያውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተስ ታውቀዋለህ? ለድርቆሽ ይሆናል?»

ነጋዴው ያየኛል። «ጭኜበታለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ከላሜራው ስር ያየሁት ነገር ምላሴ ላይ ያለ መሰለኝ።

አያ የያዙትን ሰንሰለት መሬት ላይ ጣሉት። «መምሬ፣ አይግዙት። ትል አለበት» አሉና ላሜራውን በአንድ ጥግ ብድግ አደረጉት። ቄሱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወጥተው ሄዱ።

«ውጡልኝ! ይሄን ግማታችሁንም ይዛችሁ ውጡ!» ነጋዴው ዝገታሙን ራሱ ፈታው። አረንጓዴውን መልሰን ይዘን ወጣን።

አያ እስከ ኮሶዬ አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ለእህቴም «አልተስማማንም» ብቻ ብለው ወደ በረቱ ገቡ። የሆነውን የነገርኳት እኔ ነኝ። ሙሉ ቀን የሰው ቁስል ስታጥብ የምትውል ሴት ናት፤ ስለ ትሉ ስነግራት ፊቷ አልተለወጠም። የቄሱ ጥያቄ ላይ ስደርስ ግን አቋረጠችኝ።

«ቄስ ጠይቀውህ ነው ጭኜበታለሁ ያልከው?»

«አዎ።»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች።

እንጨቱን አቃጠልነው። ብረቱን በበረኪና ፈትገን የባሕር ዛፍ ሳንቃ አነጠፍንበት። ያም ሆኖ ላሞቹ እሱ ላይ የዋለ ድርቆሽ አይነኩም። አሁን ፍግ ወደ ማሳ እናመላልስበታለን፤ ድርቆሹን ዛሬም የሚያመጣልን የሰው መኪና ነው።