ቁልቁለቱን ያለ ፎሌ

አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህም የመንዝን መንገድ አልረሱትም። ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን ጥቂት እንደሄድን መስኮቱን ዝቅ አደረጉና ብርዱን በፊታቸው እየተቀበሉ፣ «አሁን ወደ ቀኝ ይዞራል። ቀጥሎ ጉብታ አለ። ከጉብታው ማዶ ቁልቁለት» አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ መንገዱን በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው በወገባቸው ያዩታል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ መንገድ ጨውና ሳሙና ወደ ላይ፣ በግና ገብስ ወደ ታች ሲያመላልሱ ኖረዋል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ መሪ እንዳይነኩ» ሲላቸው አሮጌው የናፍጣ መኪና ተሸጠ፤ እሳቸውም ደብረ ብርሃን ቤታችን በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ እየለዩ፣ «የዚህ ፍሬን አልቋል፣ ባለቤቱ አልሰማም» ይላሉ። የሚሰማቸው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ይህንን የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ያመጣነው እኔና አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነን። እኔ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምሬ ሥራ ስፈልግ ከረምኩ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ለማንም ሳልናገር ነው። ሰው ሲበዛ አንደበቴ ይተሳሰራል፤ መሪ ላይ ስቀመጥ ግን ብዙ የሚያናግረኝ ስለሌለ ይቀለኛል። ወንድሜ «መንዝ ለኤሌክትሪክ አይሆንም፤ ከተማ ውስጥ የታሸገ ውሃ ያመላልስ» አለ። እኔ አንድ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ለመንኩት። የአባባ የድሮ ደንበኞች የሆኑት የመንዟ ዘመሮ ከተማ ነጋዴዎችም በስልክ አንድ ጭነት ሊሰጡኝ ተስማሙ። ቃላቸው አጭር ነበር። ጨውና ሳሙናው በገበያው ቀን፣ ገበያው ሳይበተን ከደረሰ የመንገዱ ሥራ የእኔ ነው። ካልደረሰ ሌላ መኪና አያጡም። ያን ጊዜ የእኛ መኪና አዲስ አበባ ይገባል፤ አባባም ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ።

«እኔም እሄዳለሁ» አሉ አባባ። «አንቺን ባያውቅሽ እኔን መንገዱ ያውቀኛል።»

ጭነቱን ከአዲስ አበባ አንስቼ ደብረ ብርሃን አደርኩ። መኪናው ግቢያችን ውስጥ ገመዱ ተሰክቶለት ሲሞላ አደረ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውለን አረጋገጥንና ተነሣን። ሒሳቤን ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ባትሪው መንገድ ላይ ሳይሞላ ዘመሮ ያደርሰናል፣ ትንሽም ይተርፈዋል።

ያልቆጠርኩት የአባባን ልማድ ነው።

«ፎሌ!» አሉ፣ የመጀመሪያው ቁልቁለት አፍ ላይ እንደደረስን።

ፎሌ ማለት ማርሹን ከሞተሩ አላቆ መኪናውን በገዛ ክብደቱ ማንደርደር ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ የእኛ አገር ሾፌር ሁሉ ይሠራዋል፣ ትራፊክ ፖሊስ ሁሉ ይቆጣበታል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሌላ ነው። ቁልቁለት ላይ እግር ከፍጥነት መርገጫው ሲነሣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ሲይዘውም ኃይል አመንጭቶ ለባትሪው ይመልሳል። ፎሌ ከገባ ግን ሞተሩ ከጎማው ይለያል፤ የሚመለስ ነገር የለም። ይህንን ቤት ሳለን ነግሬያቸዋለሁ። «እሺ» ብለውኝ ነበር፣ ሰው የማያምነውን ነገር በትሕትና ሲሰማ እንደሚለው።

ዞር ብዬ አየኋቸው። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ በሌለ ማርሽ ላይ አርፎ፣ እየነዱ ነበር። ከዚህ ሁሉ መንገድ የቀረቻቸው ድርሻ ይህች አንዲት ቃል ናት። ፎሌ አስገባሁ።

በሚቀጥለውም ቁልቁለት «ፎሌ!» አሉ፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ፍሬኑን ደጋግሜ እየረገጥኩ ስለምወርድ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ገባ። ብርዱ ደግሞ ባትሪውን ከገመትኩት በላይ ይጎዳው ነበር። ዳገቱ ሁሉ ይወስዳል፣ ቁልቁለቱ ምንም አይመልስም። አባባ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አይችሉም፤ እኔ ግን ከእሱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። መሐል ሜዳ ከተማ ስንደርስ ዘመሮ እንደማያደርሰን ተረዳሁ።

«አባባ፣ መሙላት አለብን።»

«ሞልቶ አልነበር?»

«ነበር።»

ከተማው ግን መብራት አልነበረውም፤ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል አሉን። ቀስ ብዬ ወደ ዘመሮ መውጫ ስነዳ አባባ እጃቸውን አነሡ። «አቁሚ። ወፍጮ ይሰማኛል።» ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጡ። «የናፍጣ አይደለም፤ አይንፈቀፈቅም። የመብራት ነው። በዚህ በኩል መብራቱ መጥቷል ማለት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የወፍጮ ቤት መስመር ጠንካራ ስለሆነ የመኪናችንን ገመድ ይችላል። ባለወፍጮው ዱቄት እንደለበሰ ወጣና ገመዱን አገላብጦ አየው። «ይቻላል» አለ። «ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። ወይ ወፍጮው ወይ መኪናሽ። ወረፋውን ደግሞ የማዘው እኔ አይደለሁም።» በአገጩ ወደ በሩ አሳየኝ።

የገብስ ጆንያና ስልቻ ከበሩ አንሥቶ እስከ አጥሩ ተደርድሯል። በየጆንያው አጠገብ አንዲት ሴት ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

አባባ ክንዴን ያዝ አድርገው በጆሮዬ፣ «የለቅሶ ቤትና የአራስ ቤት እህል ወረፋ አይጠብቅም። ለቅሶ አለብን በያቸው» አሉኝ።

«ማን ሞተ ልበል?»

«ከዘመድ አይጠፋም።»

«አልልም፣ አባባ።»

ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። ከኋላ ያሉት አልሰሙኝም፤ ደግሜ ጮክ አልኩ። «መኪናዬ የሚሄደው በመብራት ነው። ጨውና ሳሙና ለዘመሮ ገበያ ይዣለሁ። ገበያው ሳይበተን ካልደረስኩ ይህ ሥራ ከእጄ ይወጣል። ወረፋ እንድትለቁልኝ ልለምናችሁ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ፣ «ምኑ ነው የሚፈጨው?» ብላ ሳቅ አስነሣች።

«መኪናውን በአፍንጫው ወፍጮው ውስጥ ማስገባት ነዋ!» አለች ሌላዋ። «ዱቄቱ ለበሶ ይሆናል?»

ከሁሉም ፊት፣ ተራቸው የደረሰ አንዲት አሮጊት ነበሩ። እሳቸው አልሳቁም። ከእኔ አልፈው አባባን አተኩረው አዩ። «ይኼ የጨው መኪናው ሰውዬ አይደለም?»

«ነኝ» አሉ አባባ።

«ያኔ አቧራህን አልብሰኸን ታልፍ ነበር። ዛሬ ለመንክ!»

«አቧራው የመንዝ ነው፣ እኔ ከቤቴ አላመጣሁት።»

አሮጊቷ ያን ጊዜ ፈገግ አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ የዘመሮን መንገድ ነው ያልሽው? እኔና እነዚህ ሁለቱ ቤታችን እዚያው መንገድ ላይ ነው። የሦስታችንን ወረፋ ውሰጂ፤ ገብሳችን እስኪፈጭ እዚሁ ይቆያል፣ ስትመለሺ ዱቄቱን ከዚህ ጭነሽ፣ ወደ ኋላ ዞረሽም ቢሆን በራችን ታደርሺልናለሽ።»

«አደርሳለሁ፣ እማማ።»

የቀሩት ወረፋቸው ስላልተነካ አላጉረመረሙም። ወፍጮው ቆመ፤ ገመዱ ተሰካ፤ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። አጠገቡ ቆሜ በልቤ አበረታታው ነበር። ከሚያስፈልገኝ ግማሹን ሳይሞላ የወፍጮ ቤቱ አምፖል ድርግም አለ። መብራቱ ሄደ።

ባለወፍጮው ወጥቶ ሽቦውን አየ፣ እጁን አራገፈና ቁጭ አለ። ሦስቱ ጆንያዎች እንደታሰሩ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እንግዲህ» አሉ አሮጊቷ፣ «ገብሳችንን መኪናሽ በላው።»

እግሬ «ሂጂ» ይለኝ ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ይቅርታ እንኳ ሳልል መሄድ እችል ነበር፤ ዓይን አፋር ሰው እንዲህ ዓይነት ሽሽት ያውቅበታል። ግን የወሰድኩት ወረፋ የእነሱ ነው።

«አባባ፣ ዘመሮ የናፍጣ ወፍጮ አለ?»

«አለ። ገበያው ጀርባ።»

«ጫኑት» አልኩ ለሴቶቹ። «ዘመሮ ይፈጫል። ነገ በራችሁ አደርሳለሁ።»

ተያዩ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጠበቁ። «ጆንያውስ ይጫን። ግን ገብሴን ለብቻው አልሰድም፤ አብሬው እሄዳለሁ። ዘመሮ ላይ እህቴ አለች» አሉ። ከአባባና ከእኔ መሐል ገብተው ተቀመጡ፤ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ሞተሩን ሳስነሣ፣ «መቼ ነው የሚነሣው?» አሉ። «ተነሥቷል» ስላቸው አማተቡ።

እንደምንም ሜዳውን ጨረስነው። በስተግራ እርሻው ታጭዷል፤ በጎች ቃርሚያ ላይ ተሰማርተዋል። ከፊታችን ወደ ወንዙ የሚወርደው ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ከወንዙ ማዶ ዳገቱ፣ ከዳገቱ በላይ ዘመሮ። የቀረኝ ኃይል ያንን ዳገት አያወጣኝም። ቁልቁለቱ ካልሰጠኝ በቀር።

አባባ ቀና አሉ። ነፋሱ ተለውጦላቸው ነበር። «ፎሌ!»

«አይሆንም፣ አባባ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን አስደነገጠኝ። አሮጊቷ በትራቸውን ጨበጡ። «አባትሽን ነው አይሆንም ያልሽው?»

«አዎ፣ እማማ።» ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ቀጠልኩ። «አባባ፣ ይህ መኪና ሲወርድ ይሞላል። ጠዋት ፎሌ ባስገባን ቁጥር የሰበሰብነውን ስናፈስ ነው የመጣነው። ዛሬ ማስረዳት ስችል ዝም አልኩ። አሁን ዝም ካልኩ ዳገቱን አንወጣም።»

እግሬን ከመርገጫው አነሣሁ። መኪናው ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ራሱን ያዘ፤ በዝግታ መውረድ ጀመረ። አባባ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ፊት ለፊታቸው ያለውን ዳሽቦርድ ዳሰሱት፣ የታመመ ከብት እንደሚዳስሱ።

«ይይዛል» አሉ።

«ይይዛል።»

«ስንት ነበር?»

የስክሪኑን ቁጥር ነገርኳቸው።

ሁለት መታጠፊያ ወረድን። «አሁንስ?»

«አንድ ጨመረ።»

«ኧረ ተዉ!» አሉ አሮጊቷ። «ቁልቁለት ነው እንዴ የሚበላው?»

«ቁልቁለት ነው» አሉ አባባ ቀድመውኝ። ከዚያ ሲቀጥሉ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ። «አሁን መታጠፊያው ይጠባል፣ አትርገጪ። ከዚህ ወዲያ ትንሽ ሜዳ አለ፣ መርገጫውን በጣም ትንሽ ንኪው። ንኪ። አሁን ደግሞ እግርሽን አንሺ!»

አነሣሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ወንዙ ድረስ እሳቸው «አንሺ» ሲሉ እያነሣሁ፣ «ንኪ» ሲሉ እየነካሁ ወረድኩ። ፍሬኑን የነካሁት አንዲት ላም መንገድ ላይ ስትቆምብኝ ብቻ ነው። አሮጊቷ ቁጥሩ ሲለወጥ እያዩ፣ «ጨመረ!» ይላሉ፤ ሲዘገይባቸው ስክሪኑን በበትራቸው ጫፍ ሊነኩት ይቃጣቸዋል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሒሳቤን እንደገና ሠራሁ። ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል።

ዳገቱን ማሞቂያውን አጥፍተን፣ በብርድ ልብስና በጋቢ ተጠቅልለን ወጣነው። አባባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አይዞሽ፣ አትቸኩዪ፣ ይህ ዳገት ችኩልን አይወድም» አሉኝ።

ዘመሮ ስንገባ ሰዎች አህያ እየጫኑ ነበር፤ ግማሹ ገበያ ተነሥቷል። ነጋዴዎቹ ግን ሰዓታቸውን እያዩ ድንኳናቸው ስር ቆመው አገኘናቸው። ከመሐላቸው ትልቁ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ፣ ከስር ጎንበስ ብሎ ጭስ ማውጫ ፈለገ።

«መጣችሁ እንዴ? ድምፅም አልሰማን!»

«እንግዲህ ልመዱት» አሉ አባባ ከጋቢናው እየወረዱ። «በቁልቁለት ነው የመጣነው።»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ። ገበያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ቢሆንም መለስኩለት። «ገበያው አልተበተነም።»

«አልተበተነም» አለ። ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «አውርዱ! ስትመለሺ በግ ትጭኛለሽ። የሚቀጥለው ገበያም እንዲሁ።»

ማታ መብራቱ ሲመጣ በነጋዴው መጋዘን ጓሮ ገመዱን ሰካን። ገብሱም ገበያው ጀርባ ካለው የናፍጣ ወፍጮ ተፈጨ፤ አሮጊቷም እህታቸው ቤት ሄዱ። እኔና አባባ በሩ ላይ ተቀመጥን። ደስታዬን እንዴት እንደምገልጽ ስላላወቅሁ የጎማውን ጭቃ በእንጨት እፍቅ ነበር።

«ነገ ያ ቁልቁለት ዳገት ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል። ዳገቱ ግን ቁልቁለት ይሆናል።» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ስሚኝ። ከዘመሮ እስከ ጣርማ በር እግርሽን የምታነሺበትን ሁሉ እነግርሻለሁ። የመጀመሪያው ከገበያው እንደወጣን ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑን ስናልፍ…»

እንጨቱን ጣልኩና አጠገባቸው ተጠግቼ መስማት ጀመርኩ።