ለእኔ ሊያለቅሱ የመጡ ሰዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ነው። ቦታው መርሳ፣ እኛው ደጅ ላይ ነው። ሰው በቁሙ ሲለቀስለት አይሰማም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ስሜን እየጠሩ፣ «ወንድሜ» እያሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱልኝ ቆሜ አይቻለሁ። የሞተችው እህቴ ጦይባ ነበረች። ቀኑን ሳስበው አሁንም መጀመሪያ እደነግጣለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ደስ የሚለኝ። ደስ ማለት ትክክለኛው ቃል ይሁን አላውቅም።

ጦይባ ታላቄ ናት። ከእናቴ ጋር ልብስ ትሰፋ ነበር። እጇ የስፌት መኪናው ላይ፣ ጆሮዋ ሬዲዮው ላይ ነው። የኳስ ፍቅር የጀመራት በዚያ ሬዲዮ ነው። የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ደጋፊ ነበረች። የክለቡን ስም አልጽፍም፤ የተቃራኒ ደጋፊ ካነበበው ሐዘኔን ትቶ ይሟገተኛል።

ደጋፊ ብቻ አልነበረችም። ኳስ ታውቃለች። ተጫዋች ሲቀየር ለምን እንደተቀየረ ከሬዲዮው ሰውዬ ቀድማ ትናገራለች። እኔ እውነቱን ለመናገር ብዙም አይገባኝም። ግን ስትናገር መስማት ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ እዚያው መርሳ ኳስ ማሳያ ቤት ሄደች። አብሬያት ነበርኩ። ትልቅ ጨዋታ ስለሆነ ቤቱ ጢም ብሏል። በሩ ላይ ስትታይ አንድ ልጅ ዞር ብሎ፣ «ማነህ! እህትህ መጣችልህ፣ ተነስ!» ብሎ ጮኸ። ሴት ወደዚያ ቤት ብቅ የምትለው ሰው ልትጠራ ብቻ ነው። ሁሉም የማን እህት እንደሆነች ለማየት ዞረ።

«የኔ አይደለችም» አለ አንዱ።

«የኔም አይደለችም፣ ብትሆንማ ቤት እውል ነበር» አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ጦይባ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጎል ገብቶ ስታጨበጭብ ከኋላዋ፣ «ስምንት ቁጥሩ መልኩ አምሮሽ ነው አይደል?» አሏት። እረፍት ላይ ተነስታ ወጣች። ቤት ስንደርስ፣ «መልኩንማ መቼ አየሁት? እኔ የማየው ግራ እግሩን ነው» አለችኝ።

ከዚያ በስልክ ሞከረች። የክለቡ ደጋፊዎች ግሩፕ አላቸው። ከወልድያ፣ ከሐራ፣ ከውርጌሳ፣ ከእኛም ከመርሳ የተሰባሰቡ ናቸው። በራሷ ስም ገባች። ስለ ቡድኑ አማካዮች ረዘም አድርጋ ጻፈች። ስለ አማካዮቹ አንድም ሰው አልመለሰላትም። አንዱ «አግብተሻል?» አላት። ሌላው «ፎቶ» ብቻ ብሎ ጻፈ። አንዱ ደግሞ፣ «አንተ ሴት አይደለህም፣ ሴት እንዲህ አይጽፍም» አላት። ለብቻዋ የሚልኩላትን ግን ለእኔም አላሳየችኝም።

ግሩፑን ጥላ ወጣች። ትንሽ ቆይታ በእኔ ስም ተመልሳ ገባች። ያንኑ ጽሑፍ ቃሉን ሳትለውጥ እንደገና ለጠፈችው። «ወንድማችን፣ ቀጥል!» «ይሄ ሰው ኳስ ያውቃል!» ተባለ። እኔ ተናደድኩ። እሷ ግን እያነበበችልኝ ትስቅ ነበር።

ያስቸገረን ድምፁ ነው። በግሩፑ ደንብ ጨዋታ ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው አስተያየቱን በድምፁ ይልካል። የማይልክ የተቃራኒ ሰላይ ነው ተብሎ ይባረራል። ስለዚህ ጦይባ ከጎኔ ትቀመጥና በጆሮዬ ታንሾካሹክልኛለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ እናገራለሁ። አንዱን ተናግሬ ዝም እላለሁ፣ ቀጣዩን እስክትነግረኝ። እነሱ ያንን ዝምታ እርጋታ አደረጉት። ስሜን «ሽማግሌው» አሉት። ሽማግሌው ሳይናገር ጨዋታው አላለቀም ይባል ነበር።

ከመካከላቸው ይመር የሚባል የሐራ ሰው አለ፤ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ቤታችን አስፋልቱ ዳር ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ መሆኑን ከነገረችው ወዲህ ባለፈ ቁጥር ክላክስ ያደርጋል። «አንድ ቀን ወርጄ እጨብጥሃለሁ» ይላት ነበር። ጦይባ ክላክሱን ስትሰማ ከስፌቷ ቀና ብላ፣ «ኑሩ፣ ሰላም ብሎሃል» ትለኛለች። ከዚያ ደግሞ ፈራ ብላ፣ «አይወርድም አይደል?» ትላለች።

ኩላሊቷን ታመመች። ወልድያ ወሰድናት፣ ከዚያ ደሴ። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ውጤት ትጠይቀኝ ነበር። ለግሩፑ ድምፅ መላክ አቆምን። «ሽማግሌው የት ጠፋ?» እያሉ ይጽፋሉ፣ እኔ አልመልስም። ምን ብዬ? መርሳ መልሰን ካመጣናት በኋላ ሞተች። አላህ ይዘንላት።

ድንኳኑ ደጃችን ላይ ተተከለ። የሰፈሩ ቅሬ፣ እድርተኛው እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ከቀብሩ በኋላ ባለው ቀን እኔ ጀሪካን ይዤ አስፋልቱን ተሻግሬ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ አንድ ሚኒባስ ደጃችን ቆሟል። ወንዶች እየወረዱ ነው። የማውቀው ፊት የለም። አንድ ወፍራም ሰው ገና እግሩ መሬት ሳይነካ፣

«ኑሩዬ! ወንድሜ ኑሩ!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው።

ሌሎቹ ተቀበሉት። «ኑሩ! አንተ ሽማግሌው! ምነው ሳንተያይ!»

ጀሪካኑን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

እናቴ ቤት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ስሜ ሲለቀስ ሰማች። እኔ አጠገቧ የለሁም፣ አስፋልት መሻገሬን ደግሞ ታውቃለች። መኪና የገጨኝ መሰላት። ነጠላዋ ወድቆ በባዶ እግሯ ወጣች። ጦይባ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልጮኸችም። «ያ ረቢ! እሱንም? እሱንም?» ትላለች።

ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ። «እማ፣ አለሁ! ይኸው አለሁ!»

ያዘችኝ። ፊቴን፣ ክንዴን፣ ራሴን ዳበሰችኝ። ከዚያ እኔን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች።

አጎቴ ሙሄ ከዘራውን ይዞ ከድንኳኑ ወጣ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ሐዘን ቤት መጥታችሁ በቁም ሰው ታሟርታላችሁ?»

«አባባ፣ እኛ የኑሩ ወዳጆች ነን» አለ ወፍራሙ ሰው፣ እንባው እየወረደ። «ኑሩ አርፎ…»

«ኑሩ ያውና!» አለ አጎቴ በከዘራው እያሳየ።

ሁሉም አዩኝ። እነሱ የጠበቁት ጢም ያለው የጎለመሰ ሰው ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በቅርቡ ነው።

«ይሄማ ልጅ ነው» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ኑሩ እኔ ነኝ።»

ድምፄን ሲሰማ ወፍራሙ ሰው ወደ ኋላው ሸሸ። «ላኢላሃ ኢለላህ» አለ። እሱ ይመር ነበር፣ ሾፌሩ። በዋዜማው ሲያልፍ ድንኳኑን አይቷል። ወርዶ ለመጠየቅ አቅም አጣ። ሽማግሌው ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል፣ አሁን ድንኳን ተተክሏል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ ለግሩፑ መርዶ ነገራቸው።

«ታዲያ የሞተው ማነው?» አለኝ።

«እህቴ ናት።»

ተያዩ። እፍረት ያዛቸው። ደረጀ የሚባል የወልድያ መምህር አለ፣ ግሩፑን የሚመራው እሱ ነው። ነጠላውን እያስተካከለ፣ «ይቅር በሉን፣ ተሳስተን ነው። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና ሰዎቹን ወደ ሚኒባሱ መለሳቸው።

ዝም ብል ይሄዳሉ። ስህተት ነበር ይባልና ያልቃል። አባቴም ቅሬውም ጦይባ በወንድሟ ስም ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ስትጻጻፍ እንደኖረች አይሰሙም። ሰው ስሟን በክፉ አያነሳም። ግን ያን ሁሉ ለቅሶ ይዘውት ሊመለሱ ነው። የእሷ ነበር እኮ። ያለቀሱት ለእሷ ነው፣ አያውቁትም እንጂ።

«ቆዩ» አልኳቸው። ከዚያ ቃል ጠፋኝ። በጆሮዬ የሚነግረኝ ሰው የለም። አባቴ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሟል።

«ድምፁ… ድምፁ የኔ ነው። ነገሩ ግን የሷ ነው። ሁሉም። እኔ ኳስ አላውቅም። እሷ ናት የምትነግረኝ። መጀመሪያ በራሷ ስም ገብታ ነበር። በስሟ ስትጽፍ… መልስ አልሰጣችኋትም።»



«ጦይባ» አለ ደረጀ ቀስ ብሎ። «ጦይባ የምትባል ነበረች። ስለ አማካዮቹ የጻፈች።»

ከኋላ አንድ ወጣት፣ «እና ሴት ናት ስታታልለን የኖረችው?» አለ።

ይመር ዞረበት። «ዝም በል! ሴት መሆኗን ብታውቅ ፎቶ ላኪ ነበር የምትላት።»

«አንተስ?»

«እኔም» አለ ይመር።

እኔ የፈራሁት አባቴን ነው። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነው። ቀስ ብሎ መጥቶ ይመር ፊት ቆመ።

«ልጄ ምን ትላችሁ ነበር?» አለው። ቁጣ ይሁን ሌላ አልለየሁትም።

ይመር ኮፍያውን አወለቀ። «አባባ፣ ወላሂ ከኳስ ውጭ አንድ ቃል ተናግራን አታውቅም። ባለጌዎቹ እኛ ነን። የተቃራኒ ደጋፊን እናት ስንሰድብ፣ ‹እናት አትንኩ፣ እናንተም ከድንጋይ አልተፈለፈላችሁም› የምትለን እሷ ናት። ሽማግሌ ስለመሰለችን እንሰማታለን።»

«ሽማግሌ?»

«አዎ አባባ። ስሟ እንደዚያ ነበር።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቅም ለቅሶም ይመስል ነበር። ቀና ሲል፣ «ግቡ» አላቸው። «ለልጄ መጥታችሁ ደጅ አትቆሙም። ግቡ።»

ገቡ። ሻይ ቀዳሁላቸው። አጎቴ ሙሄም ከዘራውን አስቀምጦ ቦታ ለቀቀላቸው። ጥቂት እንደተቀመጡ አባቴ፣ «እስኪ አሰሙኝ» አለ።

ደረጀ ስልኩን አወጣ። የእኔ ድምፅ በድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። ስለ አንድ ተከላካይ ነበር። ሽማግሌዎቹ እያዩኝ አፈርኩ። አባቴ አንድም ነገር እንዳልገባው አውቃለሁ፣ ግን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። ከዚያ ዝም ያልኩበት ቦታ ደረሰ። በዝምታው ውስጥ ሽው የሚል ነገር አለ።

«እኔ ሁልጊዜ ነፋስ ይመስለኝ ነበር» አለ ይመር።

ደረጀ ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨምሮ ደገመው። ጦይባ ናት። በሹክሹክታ፣ «ግራውን ስለማያምነው ነው በላቸው» ትላለች። ከዚያ ሳቋን ስትይዝ ይሰማል።

ቤታችን ውስጥ ድምፅዋ የትም አልተቀዳም ነበር። ፎቶ አለ፣ ድምፅ የለም። እናቴን ጠሯት። ሴቶቹም ተከትለዋት መጡ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

«ድገመው ልጄ» አለችው ደረጀን። ደገመው።

«ድገመው።»

ማንም አላስቸኮላትም። መኪና የሚጠብቀው፣ ሥራ ትቶ የመጣው፣ ሁሉም ዝም ብሎ ተቀምጦ ጠበቃት። ያ ወጣት፣ አታለለችን ያለው፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። በእጃቸው የነበረውን ድምፅ ሁሉ ወደ ስልኬ ላኩልኝ። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስም እየተፈራረቁ ተመላለሱ። ይመር በአይሱዙው ማገዶ አመጣ። ዱዓ ሲደረግ ክርስቲያኖቹ ደጅ ሆነው ውሃ ይቀዱ ነበር።

ሰው ሁሉ ተለወጠ አልልም። ከለቅሶው በኋላ አንዲት የውርጌሳ ልጅ በራሷ ስም ግሩፑ ውስጥ ገባች፤ ስለ በረኛው ጻፈች። አንዱ «አግብተሻል?» አላት። ይመር፣ «የጠየቀችህ ስለ በረኛው ነው። ስለ በረኛው መልስላት» አለው። ሰውዬው መለሰላት። ተሟገቱ፣ ተረታ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ገብተዋል።

አንዳንዴ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ጦይባ በስሟ ብቻ ኖራ ብትሞት ያ ሚኒባስ ይመጣ ነበር? አይመጣም ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ስል ቅር ይለኛል። ግን አንድ ጊዜ እውነቱን ካወቁ በኋላ መሄድ ይችሉ ነበር፣ አልሄዱም። ተሳስተው መጡ፣ አውቀው ተቀመጡ። ለዚህ ነው የማመሰግናቸው፤ ይህን የጻፍኩትም ለዚሁ ነው።

እናቴ ኳስ ጀምራለች አልልም። የትኛው ቡድን የትኛውን ልብስ እንደሚለብስ እንኳ አታውቅም። ግን ጨዋታ ባለ ቀን ከስፌቷ ቀና ትልና፣ «የጦይባ ሰዎች እንዴት ሆኑ?» ትለኛለች። አሸነፉ ካልኳት አልሐምዱሊላህ ብላ ትቀጥላለች። ተሸነፉ ካልኳት የስፌት መኪናውን ታቆማለች።

«በል ደውልና አጽናናቸው» ትለኛለች። «እነሱም መጥተው አጽናንተውናል።»

እደውላለሁ። ይመር ሲያነሳ ገና ድምፄን ሰምቶ፣ «እናትህ ናቸው ያዘዙህ?» ይለኛል። አዎ እለዋለሁ።