ያላየነው ሁለተኛ ፋይል

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ስልኩን እያሳየኝ፣ ከፈነዳ ኮከብ ቅሪት ውስጥ ፑልሳር መገኘቱን ነገረኝ። ቅሪቱን ሳየው አወቅኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ጋለ።

ካርቱም ተማሪ ሳለን፣ የክፍል ጓደኛዬ ሳምራዊትና እኔ ያንኑ ቅሪት ስንፈትሽ ከርመናል። ፑልሳር ኮከቡ ከፈነዳ በኋላ መሃል ላይ የሚቀር፣ እንደ እንዝርት የሚሾር እምብርት ነው፤ በዞረ ቁጥር ኤክስሬዩ ብልጭ ይላል። ጠፈር ላይ ያለው ቴሌስኮፕ እያንዳንዱ ጨረር የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። የኛ ሥራ ከዚያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ውስጥ ሳያዛንፍ የሚደጋገም ምት መፈለግ ነበር። ከተገኘ የሳምራዊት መመረቂያ ጥናት ይሆናል፤ ከታጣ ርዕስ ቀይሪ ተብላለች። ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው የካርቱም ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው፣ በሥራው ግን ከኔ ትበልጥ ነበር።

ወሩ ረመዳን ነበር። ክርስቲያኖች ብንሆንም፣ ግቢው ውስጥ ምግብ ቤት ስለማይከፈት ሳንወድ አብረን እንጾማለን። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ሰው መንገድ ላይ ሰሌን አንጥፎ አላፊ አግዳሚውን አብሮት እንዲያፈጥር እጁን ይዞ ያስቀምጣል። እኔም ከቀትር ጀምሮ የማስበው አሲዳውን፣ ያንን ገንፎ ከነወጡ ነበር።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ ካለው ግራፍ አንዲት ቀጭን ጫፍ ብቅ አለች።

«ያ ዙል፣ ተመልከት! ምት ነው» አለች ሳምራዊት።

«ይህን ሁሉ የመዞሪያ ፍጥነት ስንሞክር አንዱ በአጋጣሚ ጎልቶ መታየቱ አይቀርም» አልኳት።

«በሌላ ቀን የተቀዳው ሁለተኛው ፋይል አለ አይደል? እዚያም ካለ እውነት ነው። እንየው።»

«ኸላስ፣ ይብቃን ሳምሪ! ያላ እንሂድ፣ መዋሰላት እናጣለን፤ ታክሲው ሁሉ ሊገባ ነው።»

ስለ አጋጣሚ ያልኩት የትምህርት መጽሐፋችንም የሚለው ነው፤ ያናገረኝ ግን ሆዴ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋችው። እኔም ሰሌኑ ላይ ደርሼ ጠግቤ በላሁ። በማግሥቱ ጠዋት አስተማሪያችን ሲጠይቃት፣ እኔን አምና «ምንም የለም» አለችው። ርዕሷን ቀየረች፤ ወደ ከዋክብትም አልተመለሰችም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሷን ነበር።

ትናንት ደወልኩላት። ጦርነቱ ከካርቱም አስወጥቷት ፖርት ሱዳን ሂሳብ ታስተምራለች። ዜናውን ስነግራት፣ «አንዱን ዙር በስንት ትጨርሳለች?» አለችኝ። ቁጥሩን አነበብኩላት።

«ትንሽ ቀርፈፍ ብላለች» አለች ወዲያው። «ፑልሳር ሲያረጅ እንዲህ ነው። የኛዋ ናት፣ ወላሂ!»

ያን ቀን ስክሪኑ ላይ ያየችውን ቁጥር እስከ ዛሬ በቃሏ ይዛው ኖራለች። የደወልኩት ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። ስለ ኮከቧ እየሳቀች ስታወራ ማቋረጥ አቃተኝ፤ እስካሁንም አልጠየቅኳትም።