ሐጅ የመሰለኝ ጉዞ

የጉሮሮ ካንሰር እንደያዘኝ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። ጉሮሮው የኔ፣ ወሬው የሌላ ሰው! ወላሂ እስከ ዛሬ ሳስበው ግራ ይገባኛል።

እኔ ከሚሴ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ድምፄን የማያውቅ የለም። «ኧረ ቀስ በይ፣ ሰንበቴ ከተማ ድረስ ተሰማሽ» ይሉኝ ነበር አጠገቤ የሚሸጡት ሴቶች። ባሌም፣ አላህ ይርሐመውና፣ «እኔ ራዲዮ ምን ያደርግልኛል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ይኼ ድምፅ ነው እንግዲህ ቀስ በቀስ የሻከረው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልኩ። ጉንፋኑ ሄደ፣ መሻከሩ ቀረ። ጂዳ ያለው ልጄ ደውሎ «ሃሎ» ብለው፣ «ይቅርታ አባባ፣ እማ የለችም እንዴ?» አለኝ። «አባባ ብሎ ነገር! እናትህ ነኝ እንጂ!» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ሁሉም ሐኪም ሆነብኝ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ በማር ትላለች፣ ሌላዋ ዝንጅብል። ባቲ ገበያ የማውቃቸው አንዲት አሮጊት ደግሞ «እንጥልሽ ወርዷል» ብለው ጣታቸውን እጉሮሮዬ ድረስ ከተው ወደ ላይ ሲገፉት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንድ ሁለት ቀን የተሻለኝ መሰለኝ። ከዚያ ምራቄን በዋጥኩ ቁጥር እስከ ጆሮዬ ይወጋኝ ጀመር።

አብራኝ የምትኖር ሴት ልጅ አለችኝ፣ አስተማሪ ናት። እየጎተተች ደሴ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ገመድ በአፍንጫዬ አስገብቶ ብዙ አየና «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አለኝ። «አስተግፊሩላህ! እኔ የማውቀው ጭስ የማገዶ ነው!» አልኩት፣ ድምፄ ቢሻክርም በዓይኔ ጮህኩበት። ሌላ ቀን ደግሞ አስተኝተውኝ ከጉሮሮዬ ትንሽ ሥጋ ወስደው ለምርመራ ላኩ። ውጤቱን ልትቀበል የሄደችው ልጄ ናት። ተመልሳ ስትገባ ዓይኗ ቀልቷል። «መንገዱ አቧራ ነው» አለች። «ቁስለት ነው እማ። አዲስ አበባ ሄደን በመብራት ይታከማል።»

በመብራት! መብራት በጠፋ ቁጥር ስሳደብ የኖርኩ ሴት፣ መብራት መድኃኒት ነው ስባል ምን ልበል? እሺ አልኩ።

የሚገርመው ነገር የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆማ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። «ለምኑ?» ብላት «ላወቅኩትም ላላወቅኩትም» አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሄደች። በማግስቱ አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጠው መጣች፣ ደንበኛ ስትነጥቀኝ የኖረችው። «አፉ በይኝ።» ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከመስጊድ ሲመለሱ ጎራ ብለው «አካም ጅርታ? ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉና፣ መልሴን ሳይጠብቁ ዱዓ አድርገው፣ እሳቸውም አፉ በይኝ አሉ። እኔ እሳቸውን! ጉድ እኮ ነው።

እኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ተሰልፎ አፉ በይኝ የሚለው ሐጅ የሚሄድ ሲኖር ነው። ይቅር ተባብሎ፣ ቂሙን አራግፎ ይሸኘዋል። ለሚሞት ሰውም ይባላል፣ አውቃለሁ። ግን በእግሬ ቆሜ ሽንኩርት እየመዘንኩ ሞት እንዴት ትዝ ይበለኝ? ልጄ ጉርድ ፎቶ አስነሳችኝ፣ ለጤና መድን ነው ብላ። ደሜን ለምርመራ ሰጠሁ። ወንድሟ ከጂዳ በየቀኑ እየደወለ «እማ፣ እንሻአላህ ሁሉም ይሆናል» ይላል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ይኼን ሁሉ ደማመርኩና ያ ረቢ! ልጆቼ ሐጅ ሊልኩኝ ነው አልኩ። ደብቀው ሊያስደስቱኝ! ደስታዬ ልክ አጣ። አወቅኩባችሁ ብዬ እንዳላበላሽባቸው ዝም አልኩ። ለብቻዬ ስሆን ግን ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚለውን ተልቢያ ቀስ ብዬ እላለሁ፣ በሻካራ ድምፄ።

በመጨረሻ የባሌ እህት መጣች። ይህች ሴት በባሌ ቀብር ቀን በሰው ሁሉ ፊት «ወንድሜን በምላሷ ጨረሰችው» ያለች ናት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ እኔ በአንዱ ዳር፣ እሷ በሌላው። ከጨፋ ወተት ይዛ መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። «አፉ በይኝ እቴ» አለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን የምመልስላትን እኔ አውቃለሁ። ግን ካዕባን ሊያይ የሚሄድ ሰው ቂም ይዞ አይሄድም። «አፉ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ። እዚያ ስደርስም ዱዓ አደርግልሻለሁ» አልኳት። ጮኻ አለቀሰች። እኔ እሷን አብሽሪ፣ አብሽሪ እያልኩ አባበልኳት። ምስኪን፣ የት እንደምሄድ እንዳሰበች አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

አዲስ አበባ የገባነው በሌሊት ተነስተን በአውቶቡስ ነው። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ስንወጣ እንኳ እያሰብኩ የነበረው ስለ አውሮፕላን ነው። በማግስቱ ሆስፒታል ወረፋ ይዘን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከመብራቱ በፊት ክትባት ነው ብዬ ነበር፣ ሐጅ የሚሄድ ሰው ይከተባል ሲሉ ሰምቻለሁ። አጠገቤ ራሷን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ነበረች። «የርስዎ ደግሞ ካንሰሩ የት ላይ ነው?» አለችኝ፣ ልክ አገርዎ የት ነው እንደሚባለው።

«ኧረ እኔ ሐጅ ልሄድ ነው» አልኳት።

ሴትዮዋ ልጄን አየቻት። ልጄ መሬት አየች።

«ሐጅ ማን አለሽ እማ?» አለች ልጄ። «ማን ይበለኝ! እናንተ ናችሁ እንጂ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ተምታቶብኛል። ልጄ እግሬ ስር ተንበርክካ ስታለቅስ፣ ያቺ ሴት ውሃ ስትሰጠኝ፣ አንዲት ነርስ ስሜን ስትጠራ። ለየትኛው ልዘን? ለካንሰሩ ወይስ ለቀረው ሐጅ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ያዘንኩት ለሐጁ ነው።

ሐኪሟ ደግ ሴት ነበረች። ከአሁን በኋላ ለእኔ ለራሴ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ገና አልተሰራጨም፣ በጨረር ይሞከራል አለች። «ድምፄስ?» አልኳት። «ሊመለስ ይችላል፣ እንደ ድሮው ላይሆንም ይችላል።» ይችላል፣ ላይሆን ይችላል፣ ይኼ መልስ ነው? እውነቱን ሲነግሩኝ የበለጠ ግራ ገባኝ።

በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊቴና አንገቴ ላይ ጫኑና መልኬን አወጣ። በየቀኑ እሱን አልብሰው፣ እንዳልንቀሳቀስ ከአልጋው ጋር ቆልፈውኝ፣ ሁሉም ይወጣሉ። ማሽኑ ይዞራል። ምንም አያምም። የማያምም ነገር እንዴት ያድናል እል ነበር። ኋላ ግን መጣ። አንገቴ ጠቁሮ ተላጠ፣ ውሃ እንኳ ሚጥሚጣ ሆነብኝ፣ የቀረችኝም ሻካራ ድምፅ ጭራሽ ጠፋች።

ልጄ በተከራየናት ክፍል አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰችኝ «እማ፣ አፉ በይኝ፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁሽ» ትለኛለች። ዛሬም፣ ነገም። ለአገር ሁሉ አፉ ብዬ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ድምፅ የለኝም፣ ግን እጄን ራሷ ላይ ባሳርፍ በበቃ ነበር። እጄ አልነሳ አለኝ። ተቆጥቼ ነው? ተቆጥቻለሁ። ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፣ ሌላውን ምን እንደምለው አላወቅኩም። እሷ እንዳኮረፍኳት ቆጥራ ማንኪያውን አንገቷን ደፍታ ታቀብለኛለች።

ጨረሩ አልቆ ከሚሴ ተመለስን። ድኛለሁ ወይ ብዬ በምልክት ብጠይቅ «ጥሩ ነው፣ እየተመላለሱ ይታያሉ» አሉኝ። እሺ። የሸኘኝ ሰው ሁሉ መመለሴን ሲያይ እንኳን ደህና መጣሽ ይለኝና ዓይኑን ይሰብራል። የባሌ እህት ብቻ ወተቷን ይዛ መጥታ «ጠጪ እንጂ፣ ምን ትለግሚያለሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። አፉ ተባብለን ነበር፣ እንደ አዲስ መጣላት ጀመርን። ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት ልጄ አጥሚቱን አቅርባልኝ ያንኑ ነገር ጀመረች። «እማ፣ በአላህ፣ አንድ ጊዜ አፉ በይኝ። ይኼ ነገር አንገቴ ላይ ሆኖ እንዴት ልኑር?» አፌን ከፈትኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ባዶ ትንፋሽ ይወጣል ብዬ። ድምፅ ወጣ። የኔ አይመስልም፣ ግን ድምፅ ነው።

«አልልም» አልኩ።

ማንኪያውን አስቀመጠች። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፣ እና ያን ሁሉ ጊዜ እጄን የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«አፉ በይኝ የሚባለው ለሚሄድ ሰው ነው» አልኳት። «እኔ የት ልሄድ ነው?»

ልሂድ ልቅር የሚያውቀው አላህ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬም አላልኳትም።