ገንዳውን ያፈሰስሁ ለት

ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ቢንሻፈፍ የሚደንቅ የለበትም። ነገሩ ግን አልተንሻፈፈም፤ እኔው ራሴ ነበርሁበት።

በደርግ ጊዜ ሰቆጣ ላይ የቦኖ ዘበኛ ነበርሁ። ከከተማው በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የምንጭ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ገንዳ አለ። ውሃው ከዚያ በቧንቧ ወርዶ ቦኖው ላይ ይቀዳል። ክረምት ጎርፉ ጭቃ ስለሚያስገባበት እንዘጋዋለን። መስከረም ሲጠባ ይታጠባል፣ ይሞላል፣ ክሎሪን የሚሉት ነጭ ዱቄት ይጨመርበትና ይከፈታል። እስኪከፈት ሰዉ ከወንዝ ነው የሚቀዳው፤ የወንዙ ውሃ ደግሞ ሆድ ይቆርጣል። በዚያ ዓመት ባለቤቴን አልጋ ላይ ጥሏት ነበር። ተነሥታለች፣ ግን ጉልበት የላትም። ዳግመኛ ከዚያ ወንዝ ብትጠጣ እንደማትተርፍ አውቀዋለሁ።

ቀበሌው ሕዝቡን ለእጥበት አስወጣ። ሴቶቹ ግራዋ በሸክም ይዘው መጡ። እኛ ዘንድ የጠላ ጋን የሚታጠበው በግራዋ ነው፤ ቅጠሉ ሻካራ ነው፣ እድፍ አያስቀርም። ገንዳውንም እንደ ትልቅ ጋን ቆጠሩት። ውስጡ ገብተው ግድግዳውንም ወለሉንም እየዘፈኑ ፈተጉት። የተጨመቀው ቅጠል ጥጋጥጉ ላይ እንደተለጠፈ ውሃው ተለቀቀበት። እንዲህ የጠዳ ገንዳ አይቼ አላውቅም አልሁ።

ሲሞላ ጤና ረዳቱ መጣ። ከሌላ አገር የተመደበ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ዱቄቱን በባልዲ በጥብጦ ጨመረ። ትንሽ ቆይተን ከገንዳው በብርጭቆ ቀዳና ከብልቃጥ ጠብታ አደረገበት። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ክሎሪኑ ልክ ነው፣ ይጠጣል። ብርቱካን ከመሰለ በዝቷል። የእኛው ግን ምንም መልክ ሳያወጣ ቀረ። ዱቄት ደገመ። ያው ነው።

«ዱቄቱ በስብሷል?» አልሁት።

«አልበሰበሰም። የሆነ ነገር እየበላው ነው። ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ እዚያው ያልቃል።»

«ምን ቆሻሻ! ሴቶቻችን እንደዚያ ፈትገውት!»

«እኔ ምን አልሁ ጋሼ? ውሃው ነው ያለው።»

ይህን ስንባባል የቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰ። ብርጭቆውን አየና «ነገ ገበያ ነው። ነገ ካልተከፈተ ገንዳውን አሽጌ ቧንቧውን ለጦር ካምፑ አስረክባለሁ። እነሱ ይፈልጉታል» ብሎን ሄደ።

እኔ እልኸኛ ነኝ። ገንዳው አፍ ላይ ተደፍቼ አሸተትሁ። ግራዋ ግራዋ ይላል።

«ይኸ ቅጠል ቢሆንስ?» አልሁት።

ጤና ረዳቱ አልሳቀብኝም። ከምንጩ በሁለት ብርጭቆ ቀዳ። አንደኛው ውስጥ ግራዋ አሽቶ ነከረ። ሁለቱም ላይ ዱቄት ቆነጠረ፣ ቆየ፣ ጠብታውን አደረገ። ባዶው ቢጫ ሆነ። ግራዋ ያለበት ምንም አላለም።

«እርስዎ አገኙት!» አለ።

«አንተ ነህ ያሳየኸኝ። አሁን ምን ይሻላል?»

«መፍሰስ አለበት። ዱቄቱ ግን ለአንድ ሙሌት ብቻ ነው የቀረው።»

ሄጄ የታች ማፍሰሻውን ከፈትሁት። ዋግ ውስጥ ውሃ መድፋት ምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቃል። ውሃው ገደል ለገደል ሲወርድ ከተማው እየጮኸ ወጣ። አንዲት ባልቴት ባገራችን ቋንቋ፣ በኻምጣንጋ፣ ያወረዱብኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሊቀመንበሩም እየሮጠ ተመለሰ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ነገ አይደል ያሉኝ ጓድ ሊቀመንበር? ነገ ገና ነው።»

እጥበቱን የመራችው ጎረቤታችን ወገቧን ይዛ ፊቴ ቆመች። «ቆሻሻው የእኔ እጅ ነው አሉ?»

«እጅሽ ንጹሕ ነው እታለም። ቅጠሉ ነው ከዱቄቱ ጋር ያልተስማማው። ጠላ አንጠምቅበትም።»

«ጠላማ ቢሆን ይኸ ሁሉ ወንድ ቆሞ አያየንም ነበር!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷው ቀድማ አሸዋ ይዛ ገባች፣ ወንዶቹም አፍረው ተከተሏት። ቅጠሉን ለቅመን፣ በአሸዋ ፍቀን፣ በባዶ ውሃ አለቀለቅነው። ከዚያ ምንጩን ለቀቅንበት። ሌሊቱን ሲንፎለፎል አደረ።

ጠዋት የጋዝጊብላ ገበያተኛ አህያውን እየነዳ ሲገባ የመጨረሻው ዱቄት ተጨመረ። ሰዉ ገንዳውን ከቧል። ጤና ረዳቱ ብርጭቆውን ቀዳ። ጠብታዋ ወረደች፣ ተበተነች፣ ውሃው የአዲስ ገለባ መልክ ያዘ።

«ልክ ነው!» ብሎ ጮኸ። ያ ዝምተኛ ልጅ መጮህ እንደሚችል ያን ለት አየሁ። እልልታው ቀለጠ።

ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየ፤ አሸተተ። «በረኪና በረኪና ይላል።»

«ይበል!» አልሁት።

ብርጭቆውን መልሶልኝ ሄደ። ማሸጉም፣ ካምፑም በዚያው ቀረ።

ቦኖው ዘንድ ስወርድ ሰልፉ እስከ ገበያው ደርሷል። ባለቤቴ ትንሽ እንስራ ይዛ ከወደ ኋላ ግድግዳ ተደግፋለች። እጇን ይዤ ፊት አመጣኋት።

«ዘበኛው ለሚስቱ አደላ!» አሉ።

«አዎ፣ አደላሁ!» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

ቦኖውን ከፈትሁት። በእፍኟ ጠጣች፤ ፊቷን ቋጠረች። «ይሸታል» አለችኝ።

«ይሽተት! ጠጪ።»

ደግማ ጠጣች።